ካርዱ ከበር፣ ልጁ ከክፍል፦ በዲጂታል የስም መቆጣጠሪያ የሠራንበት ዓመት

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ 48 ተማሪዎች ላሉት አንድ ሴክሽንም ሆም ሩም ነኝ። ትምህርት ቤታችን በ2017 የትምህርት ዘመን መግቢያ የተማሪዎችን መገኘትና መቅረት በዲጂታል መንገድ የሚመዘግብ ሥርዓት ከአንድ አገር በቀል አቅራቢ ገዝቶ ነበር፤ እኔም ከመስከረም እስከ ሰኔ ክፍል በገባሁበት ቀን ሁሉ ተጠቅሜበታለሁ። አሁን ክረምቱ ሳያልቅ ውሉ ይታደስ ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ ለመምህራን ቀርቧል። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ያሉ ባልደረቦቼም «እንዴት ነው፣ ይጠቅማል?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በዝርዝር ለማስቀመጥ ወሰንኩ። የአቅራቢውን ስም የማልጠቅሰው የገጠሙን ችግሮች የአንድ ድርጅት ብቻ ናቸው ብዬ ስለማላምን ነው፤ ተመሳሳይ ሥርዓት የሚያቀርብ ማንኛውም ድርጅት ሊጠየቅባቸው የሚገቡ ነገሮች ናቸው።

ሥርዓቱ አራት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው። በዋናው በር፣ ከጥበቃ ቤቱ መስኮት ሥር የካርድ ማንበቢያ ተገጥሟል፤ ተማሪው አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን መታወቂያ ሲያስጠጋው አጭር ድምፅ ያሰማና አረንጓዴ መብራት ያበራል። መምህራን በስልካችን የምንከፍተው መተግበሪያ አለ፤ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ የቀረውን፣ ያረፈደውንና በፈቃድ የሄደውን የምንመዘግበው በእሱ ነው። በርእሰ መምህሩና በዩኒት መሪዎች ቢሮ ደግሞ ሪፖርቱ በኮምፒውተር ይታያል። አራተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው፣ ወደ ወላጅ ስልክ የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ክፍያው በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ በዓመት አንዴ የሚፈጸም ሲሆን የካርዶቹና የመልእክቶቹ ዋጋ ለብቻው ይታሰባል፤ ይህን ልብ ብሎ ያልተዋዋለ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጨረሻ ያላሰበው ሒሳብ ይመጣበታል።

ቀድሞ የነበረውን ሳይናገሩ አዲሱን መመዘን አይቻልም። በወረቀት ስንሠራ ሆም ሩሙ ጠዋት በስም መጥሪያው ደብተር ስም ይጠራል፣ ቀሪውን ያሰፍራል፣ ደብተሩ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ዩኒት መሪው ይሄዳል፤ ተከታታይ ቀናት የቀረ ልጅ ከተገኘም ወላጅ ይጠራል። ሰኞ ከቤት ወጥቶ የፎረፈ ልጅ ወላጁ ነገሩን የሚሰማው ሐሙስ ወይም ዓርብ ነበር ማለት ነው። ደብተሩ ቀሪውን በትክክል ይመዘግባል፤ ጉድለቱ የተመዘገበው ነገር ለሚመለከተው ሰው በጊዜው አለመድረሱ ነበር። አዲሱን ሥርዓት የምመዝነውም በዚሁ ነው፤ እኔ በክፍል ውስጥ ያየሁት እውነት ሳይዛባ፣ ገና ሊረዳ በሚችልበት ሰዓት ለልጁ ቤተሰብ ይደርሳል ወይ?

ረቡዕ ኅዳር 18 ቀን የሆነውን ላንሳ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪዬ አልነበረችምና ቀሪ ብዬ መዘገብኳት። ብዙም ሳይቆይ ከቢሮ ተጠራሁ፤ እናቷ ስልክ ላይ ነበሩ። የደረሳቸው መልእክት «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልተገኘም» ይላል። እኚህ እናት በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሏቸው፤ መልእክቱ ስም የለውም፤ «አልተገኘም» ስለሚል ደግሞ የቀረው ወንዱ ነው ብለው የሚያሳስባቸው ስለ እሱ ነበር። ወንዱ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲማር ነበር። የቀረችው ሴቷ መሆኗን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም እህታቸውን ላኩ። ልጅቷ ጠዋት ከታክሲ ስትወርድ ሆዷን አሟት ወደ ትምህርት ቤት መቀጠልም ወደ ቤት መመለስም አቅቷት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ አንድ ጥላ ሥር ተቀምጣ ተገኘች። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ከአክስቷ ጋር ሐኪም ቤት ነበረች። በወረቀቱ ዘመን ቢሆን ኖሮ ይህን የምንሰማው ማታ ልጅቷ ራሷ ቤት ደርሳ ስትናገር ነበር። ለዚህ ብቻ እንኳ ሥርዓቱን አመሰግነዋለሁ።

ስሙና ፆታው ከመልእክቱ የጠፉበትን ምክንያት አቅራቢዎቹን ስጠይቃቸው ያገኘሁት መልስ ብዙ አስተምሮኛል። የስልክ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ሆሄያት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከ70 ሲያልፍ ስልኩ ላይ እንደ አንድ ቢነበብም እንደ ሁለት መልእክት ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ለዚህ ሲሉ መጀመሪያ ያቀረቡልን አማርኛውን በላቲን ፊደል የመጻፍ ሐሳብ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ አልተቀበለውም፤ ልክም ነበር። ከእኔ ተማሪዎች መካከል ከአያቶቻቸው ጋር የሚኖሩ አሉ፤ አያቶቹ ፊደል ቆጥረዋል፣ መዝሙረ ዳዊት የሚደግሙም አሉባቸው፣ በላቲን የተጻፈ አማርኛ ግን አንዱንም አያነቡም። አቅራቢዎቹ በፊደል ለመጻፍ ሲስማሙ ዋጋ ለመቆጠብ መልእክቱን አሳጠሩት፤ ሲያሳጥሩት ስሙን ቆረጡት። ነገር ግን አንዱ ሆሄያችን ተነባቢና አናባቢን በአንድነት የሚይዝ ስለሆነ 70 ሆሄ እንደሚታሰበው ጠባብ አይደለም። የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን አስገብቼ «በ1ኛ ክፍለ ጊዜ አልተገኘችም። ይደውሉልን።» በሚል የሚያልቅ መልእክት በወረቀት ጽፌ ስቆጥረው 60 እንኳ አልሞላም። ይህን አሳየናቸው፤ በታኅሣሥ ወር መልእክቱ ተለወጠ፤ «አልተገኘም» እና «አልተገኘችም» እንደ ተማሪው ፆታ መለየት ጀመሩ። ጥያቄያችንን ሰምተው ማስተካከላቸውን በበጎ አስቀምጥላቸዋለሁ።

ከዚህ የከበደው የሰዓቱ ጉዳይ ነበር። ሥርዓቱ ወላጅ ከፈለገ ልጁ በር ላይ ካርዱን ሲያስነካ የመግቢያ መልእክት ይልካል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያለሁ አንድ አባት ግቢ ገብተው በመስኮት ሲመለከቱኝ አየሁ። ለገሃር አካባቢ ጋራዥ የሚሠሩ ናቸው፤ እጃቸው ላይ ግሪሱ አልለቀቀም፣ የሥራ ቱታቸውንም አላወለቁም። ወጣሁላቸው። ስልካቸውን ወደ እኔ አዙረው «መምህር፣ ልጄ እስከ ስምንት ሰዓት የት ውሎ ነው?» አሉኝ። መልእክቱ «ልጅዎ በ08:10 ገብቷል» ይላል። ስልካቸው ላይ የደረሰው ደግሞ 8 ሰዓት ከ40 አካባቢ ነው። ልጃቸው ጠዋት ከ2 ሰዓት ከ10 ጀምሮ በግቢው ውስጥ ነበር፤ እኔም በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጥያቄ ጠይቄው መልሷል። የሆነው ይህ ነው፦ ጠዋት ኔትወርክ ስለተቋረጠ መልእክቱ በማሽኑ ውስጥ ተጠራቅሞ ቆየና ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ ተላከ፤ ሰዓቱ ደግሞ የተጻፈው ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚቆጥረው አቆጣጠር ነበር። እኛ ቀኑን ከማለዳ ስለምንቆጥር የ6 ሰዓት ልዩነት አለው። ሁለቱ ጥፋቶች ተገጣጥመው ለአንድ አባት ፍጹም የሚታመን ሐሰት ነገሩት። ልጁ ተጠርቶ ሲወጣ አባትየው ምንም አልተናገሩትም፤ ትከሻውን ይዘው ቆሙ እንጂ። ግማሽ ቀን የሥራ ዋጋቸውን ትተው እንደመጡ አስባለሁ።

ይህ ስሕተት በሰዓት አጻጻፍ ብቻ የሚታይ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን የሥርዓቱ ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው እላለሁ። መልእክቱ የተዘጋጀው ለሚያነበው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ስምንት ሰዓት» ማለት ከምሳ በኋላ መሆኑን የማያውቅ ሥርዓት፣ አዲስ አበባ ላለ ወላጅ እውነት መናገር አይችልም። በኋላ መልእክቱ «ጠዋት 2:10» እንዲል ተደረገ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የዘገየ የመግቢያ መልእክትም እንዳይላክ ተወሰነ። የዘገየ መረጃ ከሚደርስ ቢቀር ይሻላል የሚለው የእኛ ሐሳብ ነበር።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ዋጋ አስከፍሎናል። ሰኞ ታኅሣሥ 28 ቀን ጠዋት መተግበሪያው መዝገብ አልከፍት አለን፤ «ዛሬ በዓል ነው» ይላል። በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 29 የገና ዕለት፣ ማንም ካርድ ስላላስነካ ሥርዓቱ ተማሪውን ሁሉ ቀሪ አድርጎ ለወላጆች መልእክት ላከ። ምክንያቱ ሲመረመር አቅራቢዎቹ የበዓላቱን ሰንጠረዥ ከ2016 እንዳለ ገልብጠውት ተገኘ። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረው 2015 ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበረ ገና በ28 ውሏል፤ በ2017 ግን ወደ 29 ተመልሷል። በዚያው ምክንያት 2016 የገባው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ሲሆን 2017 የገባው በ11 ነው። የእስልምና በዓላት ደግሞ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራሉ። ስለዚህ የበዓል ሰንጠረዥ ከዓመት ወደ ዓመት የሚገለበጥ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ ሰው እጅ፣ የትምህርት ካላንደሩ ሲወጣ፣ ቀን በቀን መሞላት ያለበት ነው። ዘንድሮ ይህን ሥራ ከአቅራቢው ወስደን ለምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሰጥተነዋል።

አሁን ወደ ካርዱ ልምጣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥርዓቱን የሚገዙት በር ላይ የሚታየውን ማሽን አይተው ስለሆነ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር አይከፋም። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ ከማንበቢያው የሚወጣው የሬዲዮ ሞገድ በቅርብ ርቀት ኃይል ይሰጠውና በውስጡ ያለውን ቁጥር ያነበንባል። ማሽኑ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው፤ ካርዱን የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም። በጥር ወር አንድ ተማሪዬ ሦስት ቀን ያህል በሰልፍም በክፍልም ሳይኖር በቢሮው ሪፖርት ላይ «ተገኝቷል» ሆኖ ቆየ። ጓደኛው የሁለቱንም ካርድ በአንድ ማንጠልጠያ ይዞ ገብቶ ሁለቱንም ያስነካ ነበር። እኔ በመተግበሪያው ቀሪ ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ነገር ግን ሥርዓቱ በዚያን ጊዜ የበሩንና የመምህሩን መዝገብ ሲጋጩ የበሩን ያጸና ስለነበር ለወላጅ መልእክት አልሄደም። የልጁ እናት ነገሩን የሰሙት እኔ በአራተኛው ቀን በስልክ ስደውልላቸው ነው፤ ማለትም ልክ በወረቀቱ ጊዜ እንደነበረው። ሥርዓቱ ባይኖር ኖሮ እንዲያውም ቀደም ብዬ እደውል ነበር፤ መልእክት ሄዷል ብዬ ተማምኜ ነው የተቀመጥኩት። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ ግፊት ሁለት ነገር ተለወጠ። የመጀመሪያው፣ ሁለቱ መዝገቦች ሲጋጩ የሚጸናው የክፍሉ መምህር ቃል ሆነ። ሁለተኛው፣ በር ላይ ገብቶ በክፍል ያልተገኘ ልጅ ሲኖር ወደ ዩኒት መሪው ስልክ ወዲያውኑ ማሳወቂያ ይሄዳል። ሁለተኛው በጣም ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ልጁ ግቢ ውስጥ የት እንዳለ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነውና። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ተፈልጎ የተገኘ ልጅ ሽንት ቤት አካባቢ በታላላቆቹ ተይዞ ገንዘቡን ሲወሰድበት ነበር።

የበሩን ሰልፍ በተመለከተም አንድ ስሌት አስቀምጣለሁ፤ ማንም ርእሰ መምህር ከመግዛቱ በፊት ሊሠራው ይችላል። አንድ ልጅ ካርዱን አውጥቶ፣ አስነክቶ፣ መብራቱን አይቶ እስኪያልፍ 4 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ 900 ተማሪ በአንድ ማንበቢያ ለማለፍ አንድ ሙሉ ሰዓት ይፈልጋል። ልጆቹ ደግሞ የሚመጡት ተከፋፍለው አይደለም፤ አብዛኛው ከ1 ሰዓት ከ50 እስከ 2 ሰዓት ከ10 ባለው ጊዜ ነው። እኛ በአንድ ማንበቢያ ጀምረን በመጀመሪያው ሳምንት ሰልፉ ከግቢ ወጥቶ እግረኛ መንገዱን ስለሞላው በፍጥነት ሦስት ለማድረግ ተገደናል። በር ላይ በተሰለፈበት የረፈደበትን ልጅ አርፋጅ ብሎ መመዝገብ ግፍ ነው፤ በዚያ ሳምንት የተመዘገበው መርፈድ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል።

በክፍል ውስጥ የሚሠራው የመምህሩ መተግበሪያ ለአጠቃቀም ቀላል ነው። ሲከፈት 48ቱም «ተገኝቷል» ሆነው ይመጣሉ፤ የቀሩትን ብቻ ነክቶ መለወጥ ነው፤ ሁለትና ሦስት ቀሪ ባለበት ቀን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በወረቀት አራት አምስት ደቂቃ ይወስድብኝ ነበር፤ ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሆኖም ይህ ፍጥነት አደጋ አለው። ሁሉም ተገኝተዋል ብሎ የሚጀምር መዝገብ መምህሩ ቀና ብሎ ሳያይ «አስገባ» የሚለውን እንዲጫን ይጋብዘዋል፤ የደከመው መምህር ይህን ሲያደርግ አይቻለሁ፣ አልፈርድበትምም። እኔ በበኩሌ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስም መጥራቱን አልተውኩም። ስሙን ስጠራ ልጁ «አቤት» ይላል፤ ያቺን ድምፅ በየቀኑ ስለምሰማት ስትለወጥ አውቃለሁ። የታመመ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ፣ ማታ ቤት ውስጥ ጠብ ሲሰማ ያደረ ልጅ «አቤት» አባባሉ ይለያል። መተግበሪያው የልጁ ስም ጎን ማስታወሻ የሚጻፍበት ትንሽ ቦታ ስላለው ይህን ለራሴ እዚያው አሰፍራለሁ፤ በዚህ ረገድ ከደብተሩ ይሻላል።

ስሞቹ የተደረደሩበት መንገድ ግን እስከ አሁን አልተስተካከለም። በስም መጥሪያችን ልጆቹ በሀ ሁ ቅደም ተከተል ተራ ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ በማርክ ሊስቱም በፈተና መቀመጫውም ያው ነው፤ መምህሩም ልጁም በቃሉ ያውቀዋል። መተግበሪያው የሚደረድረው ስሙ በላቲን ፊደል በተጻፈበት ቅደም ተከተል ስለሆነ 23 ቁጥር ብዬ የነካሁት ሌላ ልጅ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዲት እናትም በከንቱ ደንግጠዋል። ፍለጋውም ፊደል ያጠብቃል፤ «ፀጋ» ተብሎ የተመዘገበውን «ጸጋ» ብለው ቢፈልጉት የለም ይላል፤ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለእሱ ሁለት ሰዎች ናቸው። አማርኛ በሚጽፍ ሰው እጅ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባ ነበር።

ከሪፖርቶቹ ሁሉ ያልጠበቅሁትን ያሳየኝ የማርፈጃው ሰንጠረዥ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ከሴክሽኔ አምስት ልጆች በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ያረፍዳሉ። እንደ ልማዳችን አርፋጅ በር ላይ ይቆማል፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ወላጅ ያመጣል። ሰንጠረዡን ስመለከተው ግን የአምስቱም የመግቢያ ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ልዩነት አንድ ዓይነት ነው፤ 2 ሰዓት ከ25 እስከ 2 ሰዓት ከ35። ጠየቅኋቸው። ሁሉም በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ቤተሰቦቻቸው ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻ የተዛወሩ ናቸው። ትምህርት ቤታቸውን በዓመቱ መካከል ላለመለወጥ ወላጆቻቸው ወስነዋል፤ ልጆቹ ቀድሞ በእግራቸው የሚመጡትን አሁን ከ12 ሰዓት በፊት ተነሥተው ሁለት ጊዜ መኪና እየቀየሩ ይመጣሉ። አንዱም ስለዚህ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ በር ላይ ሲያቆሟቸው ቆመው፣ ሲገቡ ይገባሉ። ሰንጠረዡን አትሜ ለዩኒት መሪው ወሰድኩት፤ ለእነዚህ ልጆች እስከ 2 ሰዓት ከ40 ድረስ በፈቃድ እንዲገቡ ተወሰነላቸው፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያካክስ ትምህርት ደግሞ በምሳ ሰዓት እኔና የአማርኛ መምህርቷ ተካፈልን። ደብተሩም ቢሆን እነዚህን ልጆች አርፋጅ ብሎ ይመዘግባቸው ነበር፤ የገቡበትን ደቂቃ ጎን ለጎን አድርጎ ግን አያሳየኝም ነበር።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ መተግበሪያው መዝገቡን በስልኩ ውስጥ ይዞ ቆይቶ ኋላ ይልከዋል፤ የበሩ ማንበቢያም መጠባበቂያ ባትሪ አለው። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ከወላጆች የስልክ ቁጥር ጋር በተያያዘ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምዝገባ ወቅት የተሞላው ቁጥር በጥር ሲደወልበት የማይሠራ፣ የጎረቤት የሆነ፣ አልፎ አልፎም የተማሪው የራሱ ሁለተኛ ሲም ሆኖ አግኝተነዋል። ሥርዓቱ መልእክቱ መላኩን እንጂ ለትክክለኛው ሰው መድረሱን አያውቅም። ወላጆች የውጤት ካርድ በሚሰጥበት ቀን ሲመጡ ፊት ለፊታቸው ደውሎ ማረጋገጥን ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ልማድ አድርገነዋል፤ ለእያንዳንዱም ሁለተኛ ተጠሪ እንዲጻፍ አድርገናል።

ስለ ጣት አሻራም መናገር ይገባኛል። በካርዱ ከተፈጠረው ማጭበርበር በኋላ አቅራቢዎቹ ካርዱን በአሻራ ማንበቢያ እንድንተካ ሐሳብ አቀረቡ። በመምህራንና ወላጆች ስብሰባ ላይ ከተቃወሙት አንዱ እኔ ነኝ። ካርድ ቢጠፋ ይለወጣል፤ የሕፃን ልጅ አሻራ ግን አንዴ ከእጅ ከወጣ ዕድሜውን ሙሉ አይለወጥም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው የባዮሜትሪክ መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ወገን የሚመደብ ነው፤ ትምህርት ቤት የአርፋጅ ቁጥር ለማወቅ ሲል እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚሸከምበት ምክንያት አይታየኝም። በዚያ ላይ ችግሩን የሚፈታው መምህሩ ክፍል ውስጥ ቀና ብሎ ማየቱ ነው፤ እሱን አስቀድመን አስተካክለነዋል። ስብሰባው ሐሳቡን ውድቅ አድርጎታል።

በአጠቃላይ አስተያየቴን የጠየቀኝ ባልደረባ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ግዙ፤ ግን ዋናውን ገንዘብና ትኩረት በበሩ ማሽን ላይ አታውሉት። የመምህሩ መተግበሪያና የወላጁ መልእክት በትክክል ከሠሩ ያለ በር ማንበቢያም ጥቅሙ አብዛኛው ይገኛል፤ በሩ ብቻ ካለ ግን ከደብተሩ የባሰ ሊሆን ይችላል። ከመፈረም በፊት አቅራቢው በእናንተው ስልክ ላይ አንድ የቀሪ መልእክት እንዲልክ ጠይቁት፤ በፊደል መጻፉን፣ ስም መያዙን፣ ለሴት ልጅ «አልተገኘችም» ማለቱን፣ ሰዓቱንና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማስቀመጡን በዓይናችሁ እዩ። የበሩና የመምህሩ መዝገብ ሲጋጩ የማን ይጸናል ብላችሁም ጠይቁ፤ ለዚህ ፈጥኖ መልስ የሌለው አቅራቢ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን አላሰበበትም።

እኔ ውሉ ለ2018 እንዲታደስ ድምፄን ሰጥቻለሁ። ሁለት ነገሮች በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገቡ ግን ጠይቄያለሁ። አንዱ የስም ዝርዝሩ በሀ ሁ ቅደም ተከተል እንዲሆንና ተራ ቁጥሩ ከስም መጥሪያችን ጋር እንዲገጥም ነው፤ ይህን እስከ መስከረም እናደርሳለን ብለዋል። ሁለተኛው፣ ዘንድሮ 8ኛ ክፍልን ጨርሰው የወጡ ልጆች ፎቶግራፍ፣ የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥርና የዓመቱ የመቅረትና የማርፈድ መዝገብ ለትምህርት ቤቱ በቅጂ ተሰጥቶ ከአቅራቢው ሰርቨር ላይ እንዲጠፋ ነው። በዚህኛው ላይ እስከ ዛሬ በጽሑፍ የተሰጠን መልስ የለም፤ ርእሰ መምህሩም ያ መልስ ሳይመጣ እንደማይፈርሙ ነግረውናል።